የወደብ ጀልባ የናፍጣ ሞተር ዕድሜው እንዲረዝም፦ ከጠዋት ማስነሻ እስከ ማታ ማጥፊያ

በባሕር ዳር ወደብ ከጀልባ ባለቤቶችና ከነጂዎች ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ሞተሩ ከዋና ጥገና ከወጣ ገና ዓመት ሳይሞላው ለምን ዘይት መብላት ጀመረ? ጠዋት ጠዋትስ ለምን አልነሣም ይላል?» አብዛኞቹ ጠያቂዎች ሞተሩ ብዙ ስለሄደ የደከመ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጣናን አቋርጦ ቁንዝላ ወይም ጎርጎራ የሚደርስ ሞተር በተመሳሳይ ሙቀትና በተመሳሳይ ጭነት ለረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ወደብ ላይ የሚውለው ነው፤ ደብረ ማርያም ደርሶ የሚመለሰው፣ ሲጠጋና ሲወጣ ማርሹ ወደ ፊት ወደ ኋላ የሚቀያየርበት፣ ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስም ያለ ጭነት በሚኒሞ (በዝቅተኛው የሞተር ዙር) የሚቆየው።

በትልልቅ የባሕር ወደቦች ፉርጎ ሲገፉና ሲስቡ የሚውሉ የናፍጣ ሎኮሞቲቮችም ሕመማቸው ይኸው ነው። ፉርጎ እርስ በርስ እስኪያያዝ፣ መስመር እስኪለቀቅ በሚኒሞ ቆመው ብዙ ሰዓት ያሳልፋሉ። ሥራቸው አጭር ጉልበት፣ ረጅም ጥበቃ፣ እንደገና አጭር ጉልበት ነው። ለእነሱ የሚበጀው ሥርዓት ለጣና ጀልባም ይበጃል።

መመሪያው የሚመለከተው በጀልባው ሆድ ውስጥ በቋሚነት የተገጠመውን የናፍጣ ሞተር ነው፤ ውስጡ በኩላንት (በማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የሚቀዘቅዝ፣ ኩላንቱም በሐይቅ ውሃ የሚበርድ፣ የሐይቁ ውሃ ደግሞ ከጭሱ ጋር በማርሚታ (በጭስ ድምፅ ማፈኛው) በኩል የሚወጣበት ዓይነት። ከኋላ የሚንጠለጠለውን የቤንዚን ሞተር አይመለከትም። የሞተራችሁ አምራች መጽሐፍ በእጃችሁ ካለ፣ ቁጥሮቹ ላይ ከእኔ ይልቅ እሱን እመኑ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከ10 እስከ 19 ሚሊ ሜትር የሆኑ ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ
- የናፍጣ ፊልትሮና የዘይት ፊልትሮ፣ ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ አንድ ትርፍ
- ለሐይቅ ውሃ ፓምፕ የሚሆን ትርፍ የጎማ ክንፍ ከነጓርኒሲዮኑ (ከነማሸጊያው)
- ትርፍ ቺንጋ፣ የተለያየ መጠን ያላቸው ፋሼታዎች (የጎማ ቧንቧ ማጥበቂያ ቀለበቶች)፣ ለናፍጣ ቧንቧ የሚሆኑ የመዳብ ሮንዴላዎች
- ለሞተሩ የተመከረው ዘይት (ለአብዛኞቹ 15ደብልዩ-40 ነው)፣ ኩላንት፣ ግራሶ
- ንጹሕ፣ ቀለም የሌለው የብርጭቆ ጠርሙስ፤ ናፍጣ የሚፈተንበት
- ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ያለው ማጥለያ
- ቆሻሻ ዘይት የሚጠራቀምበት ክዳን ያለው ጀሪካን፣ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት
- የዱቄት እሳት ማጥፊያ
- ደብተርና እስክሪብቶ

ማስጠንቀቂያ፤ ይህን ሳታነቡ ቁልፍ አታንሡ

ሞተሩ ሲዞር ጋቢ፣ ፎጣ፣ የሸሚዝ እጅጌ፣ የረዘመ የአንገት ማተብም ቢሆን ወደ ቺንጋው አይጠጋ። ጎንበስ ከማለታችሁ በፊት ማተባችሁን ወደ ሸሚዛችሁ ውስጥ አስገቡት።

ከፖምፓው (ናፍጣን በግፊት ከሚልከው ፓምፕ) ወደ ኢንጄክተር (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጨው) የሚሄደው ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ያለው ናፍጣ ከ150 ባር በላይ ግፊት አለው። በሽንቁር የሚወጣው ቀጭን ጭጋግ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልና ባያምም እንኳ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ናፍጣው ውስጥ ለውስጥ ሥጋውን ይገድለዋል፣ የዘገየ ሰው ጣቱን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ቁራጭ ነው፤ በጣት አይደለም።

የጋለ ሞተር የኩላንት ክዳን አይከፈትም። ፕሮፔለር ሲጸዳ ሞተሩ ይጠፋል፣ ቁልፉም በሚያጸዳው ሰው ኪስ ይገባል እንጂ በሌላ ሰው እጅ አይቆይም።

ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ

1. መጀመሪያ የጀልባውን ሆድ ተመልከቱ። ከሁሉም በፊት የሞተሩን መክደኛ ክፈቱና ለጥቂት ደቂቃ አየር እንዲገባበት ተዉት፤ ሌሊቱን የታመቀ የናፍጣ ወይም የባትሪ ጋዝ ካለ ይወጣል። ከዚያ በእጅ ባትሪ ታችኛውን ውሃ እዩ። ንጹሕ ውሃ ከሆነ ምናልባት የፕሮፔለሩ ዘንግ የሚወጣበት ማጠንከሪያ ላልቷል። ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ከተንሳፈፈበት ናፍጣ ይፈሳል። ጥቁርና ዝልግልግ ከሆነ ዘይት ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ይህ ሁሉ ተናውጦ ስለሚደባለቅ ምንጩን ማወቅ አይቻልም፤ በመጀመሪያ የምናየውም ለዚህ ነው። ዘይት ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበትን ውሃ ወደ ሐይቁ አትርጩ። ዙሪያውን ያለው ሰውና ከብት ይጠጣዋል፣ ዓሣውም የሚኖረው እዚያው ነው። ዘይቱን በጨርቅ አስመጥጣችሁ አንሡና በጀሪካኑ አጠራቅሙ።

2. የናፍጣውን ውሃ አውጡ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ሌሊት ሁሉም ጸጥ ሲል ከታች ይዘቅጣል። በውሃ መለያው ፊልትሮ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ወደ ጠርሙሱ ውሰዱ፤ የሰርባቶዮው (የናፍጣ ማጠራቀሚያው) ማፍሰሻ ካለም እንዲሁ አድርጉ። ጠርሙሱን ለአሥር ደቂቃ አቁሙና ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት። ከታች ጠርዙ የታወቀ፣ ቀለሙ የተለየ ሽፋን ካለ ውሃ ነው። ናፍጣው ብቻ እስኪወጣ ድረስ አፍስሱ። የፖምፓውና የኢንጄክተሩ ክፍሎች የሚቀቡት በራሱ በናፍጣው ነው፤ ውሃ ሲገባ ቅባቱ ይጠፋል፣ ብረት ለብረት ይፋጫል፣ ዝገትም ይጀምራል። ከሞተሩ ሁሉ ውዱ ክፍል ፖምፓው ስለሆነ ይህን ደረጃ አንድም ቀን አትዝለሉ። ከጠርሙሱ የላምባ ሽታ ከመጣባችሁም ያንን ናፍጣ አትጠቀሙበት። ላምባ ከናፍጣ የቀጠነ ነው፤ ፖምፓውን በደንብ አይቀባም።

3. ዘይቱን ለኩ። ጀልባው ወደ ጎን ሳያዘነብል፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የመለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ ጥረጉት፣ መልሳችሁ አስገቡና እንደገና አውጡ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። መጉደሉን ሁሉም ሰው ይፈራል፤ የሚያስፈራው ግን መጨመሩም ነው። ትናንት ከነበረበት ከፍ ካለ ወይ ናፍጣ ወይ ውሃ ገብቶበታል። በጣታችሁ መካከል እሹትና አሽትቱ። ቀጥኖ ናፍጣ ከሸተተ ኢንጄክተር ያንጠባጥባል፣ ወይም የናፍጣ መጋቢዋ ፓምፕ ሽፋን ተቀድዷል። መልኩ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ የቴስታታ (የሲሊንደሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን ወይም የዘይት ማቀዝቀዣው ይመርመር። በሁለቱም ሁኔታ ሞተሩን አታስነሡ። የተቀላቀለ ዘይት ኩሽኔታዎቹን (ዘንጎቹ የሚዞሩባቸውን ተሸካሚዎች) ተሸክሞ መያዝ ስለማይችል በአንድ ጉዞ ሊያቃጥላቸው ይችላል።

4. ኩላንቱን እዩ፤ ክዳኑንም አብራችሁ። እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ኩላንቱ እስከ 100 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ብቻ ነው። የክዳኑ ጎማ ተሰነጣጥቆ ግፊት ካመለጠ፣ የሙቀት መለኪያው ገና ወደ ቀዩ ሳይደርስ ውስጡ መፍላት ይጀምራል፤ በቴስታታው ዙሪያ የእንፋሎት ኪስ ይፈጠራል፣ ብረቱ እዚያ ቦታ ላይ ይግልና ይጠመዛል። «መለኪያው ደህና እያሳየ ጓርኒሲዮን በላ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ክዳን ነው። ክዳኑን ስትቀይሩ በላዩ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ኩላንት ጎድሎ ከተገኘም የተጣራ ውሃና ኩላንት ጨምሩ፤ የሐይቅ ውሃ ደለሉን በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ይጥለዋል።

5. የሐይቅ ውሃ ማጣሪያውን ክፈቱ። የውሃ መግቢያውን ቫልቭ ዝጉ፣ ክዳኑን ፍቱ፣ ወንፊቱን አውጥታችሁ እጠቡ፣ ግጠሙና ቫልቩን መልሳችሁ ክፈቱ። እምቦጭ ጣናን ከወረረ ወዲህ ይህ ሥራ የየቀን ሆኗል። ቅጠሉ ይታያል፤ ችግር የሚፈጥረው ግን ጥቁሩ፣ ፀጉር የመሰለው ሥሩ ነው፤ ተበጣጥሶ ይገባና ወንፊቱን ይሸፍነዋል። በክረምት ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል ይጨመራል። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ የሐይቁ ውሃ ስለሚሸሽ ጀልባው በጠጋበት ቦታ መግቢያው ከጭቃው ጋር ይቀራረባል፤ በነዚህ ወራት ከማረፊያ ስትወጡ ጋዝ አትስጡ፣ በዘንግ ገፍታችሁ ወደ ጥልቁ ካወጣችሁት በኋላ ማርሽ አስገቡ።

6. ቺንጋ፣ ባትሪና ፋሼታ። ቺንጋው መካከሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይርገብ። ከዚያ ከላላ ይንሸራተታል፣ ከጠበቀ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። የባትሪው መያዣዎች ነጭ ዱቄት ከያዙ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ግራሶ ቀቡ፤ ስትፈቱ ነጌቲቩን አስቀድሙ።

ማስነሣት

7. የሐይቅ ውሃ ቫልቭ መከፈቱን፣ ማርሹ ነጻ መሆኑን አረጋግጡ። ማሞቂያ ካለው መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቁ። ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣውን) ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ብቻ ያዙ፤ ካልተነሣ አንድ ደቂቃ አሳርፉት። ሞተሪኖ በአጭር ጊዜ ብዙ ጉልበት እንዲያወጣ የተሠራ ስለሆነ ያለ ዕረፍት ከተያዘ ጥቅሉ ይቃጠላል።

8. እንደተነሣ ሁለት ነገር ብቻ እዩ፤ ሌላው ይቆይ። አንደኛ፣ የዘይት ግፊት በአምስትና በአሥር ሰከንድ ውስጥ መነሣት አለበት። ካልተነሣ ወዲያው አጥፉ። ሁለተኛ፣ ከጭስ ማውጫው ውሃ እየተረጨ መውጣት አለበት። ጭስ ብቻ ከወጣ የሐይቅ ውሃ ፓምፑ አልሳበም ማለት ነው። የፓምፑ የጎማ ክንፍ የሚቀባው በሚያልፈው ውሃ ነው፤ ደረቁን ከዞረ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፣ ቁርጥራጩም ወደ ማቀዝቀዣው ገብቶ መንገድ ይዘጋል።

9. ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በቀስታ አሙቁትና ቀላል ጭነት ሰጥታችሁ ውጡ። በሚኒሞ ግማሽ ሰዓት ማሞቅ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ሞተሩ ያለ ጭነት የሥራ ሙቀቱ ላይ ስለማይደርስ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ጋዝ አንሥቶ ማጮህም እንዲሁ ነው፤ ወፍራሙ ዘይት ላይኛው ክፍል ሳይደርስ ብረቱ ይፋጫል።

ሞተሩ አልነሣ ካለ፦ አየሩን ማስተንፈስ

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልተነሣና ከጭስ ማውጫው ምንም ጭስ ካልወጣ፣ ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አየር ነው፤ ናፍጣ አልቆ ነበር፣ ፊልትሮ ተቀይሯል፣ ወይም አንድ ፋሼታ ላልቶ አየር ስቧል። ፖምፓው ናፍጣን ይገፋል፣ አየርን ግን መግፋት አይችልም። አየር ስለሚታመቅ ግፊቱ ኢንጄክተሩን ለመክፈት አይበቃም። በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፦

ሀ. በሰርባቶዮው ናፍጣ መኖሩን፣ ቫልቩም መከፈቱን እዩ። ይህን ሳያዩ ሞተር የሚፈቱ ሰዎች አሉ።

ለ. በፊልትሮው አናት ያለውን የማስተንፈሻ ቡሎን አንድ ዙር አላሉ። ከሥሩ ጨርቅ አድርጉ። በመጋቢዋ ፓምፕ ላይ ያለውን የእጅ መምቻ እየመታችሁ የሚወጣውን ተመልከቱ። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ቀጥሎ አረፋና ናፍጣ ይቀላቀላል፣ በመጨረሻም ናፍጣው ኩልል ብሎ ይፈሳል። እጃችሁ መምታቱን ሳያቆም ቡሎኑን አጥብቁ፤ መምታት አቁማችሁ ብታጠብቁ የወጣው አየር ተመልሶ ይሳባል።

ሐ. በፖምፓው ላይ ባለው ማስተንፈሻም ይህንኑ ድገሙ።

መ. ይህ ካልበቃ ወደ ኢንጄክተሮቹ የሚሄዱትን ቧንቧዎች ዳዶ በኢንጄክተሩ በኩል ግማሽ ዙር አላሉ። ፊታችሁንና እጃችሁን አርቁ። ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ይያዝ፤ ከዳዶው ናፍጣ ብቅ ሲል ያንን አጥብቁና ወደሚቀጥለው እለፉ። ሞተሩ የመጨረሻው ዳዶ ሳይጠብቅ በፊት ሊነሣ ይችላል፤ ቢነሣ አትደንግጡ፣ አጥፍታችሁ የቀረውን አጥብቁ።

እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ሞተር የሚያበላሽ ስህተት አለ። ሞተሪኖው ደጋግሞ ሲያዞር የሐይቅ ውሃ ፓምፑም አብሮ ይዞራል፤ ውሃውን ወደ ማርሚታው ይልካል። ሞተሩ ስላልተነሣ ውሃውን የሚያስወጣ ጭስ የለም። ማርሚታው ይሞላና ውሃው በጭስ ቫልቭ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል። ውሃ አይታመቅም፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ የፒስተኑ ዘንግ ይጎብጣል። ስለዚህ ከሁለት ሙከራ በላይ ካስፈለጋችሁ የሐይቅ ውሃውን ቫልቭ ዝጉ፤ ሞተሩ በተነሣበት ቅጽበት ክፈቱት። እንዳትረሱት አንድ ሰው እጁን ቫልቩ ላይ አድርጎ ይጠብቅ።

ከተስተነፈሰ በኋላ በማግስቱ እንደገና አየር ከሳበ፣ ደጋግሞ ማስተንፈስ መፍትሔ አይሆንም። ከሰርባቶዮው እስከ መጋቢዋ ፓምፕ ያለውን ቧንቧ መርምሩ። ይህ ክፍል ስለሚስብ እንጂ ስለማይገፋ ናፍጣ ሳያፈስ አየር ሊያስገባ ይችላል፤ ደረቅ ስለሚመስል ያሳስታል። የመዳብ ሮንዴላዎቹን በአዲስ ቀይሩ።

ቀኑን ሙሉ፣ በሥራ ላይ

10. ማርሽ በሚኒሞ ብቻ ይቀየር፤ ከፊት ወደ ኋላ ሲዞር ነጻው ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይቁም። ወደ ማረፊያ ስትጠጉ ከሩቁ ፍጥነት ቀንሱ። ወደ ኋላ ማርሽን እንደ ፍሬን የሚጠቀም ነጂ የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ፍሪሲዮን በአንድ ወቅት ይጨርሰዋል። ፉርጎ የሚያመላልሱ የሎኮሞቲቭ ነጂዎችም ሎኮሞቲቩ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም አቅጣጫ እንዳይቀይሩ የሚታዘዙት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ክብደት ሁሉ ጥርሱ ላይ ያርፋል።

11. ከአሥር ደቂቃ በላይ የምትጠብቁ ከሆነ ሞተሩን አጥፉ። የጽሑፌ ዋና ጉዳይ ይህ ስለሆነ ምክንያቱን ዘርዘር ላድርገው። የናፍጣ ሞተር በሚኒሞ ሲቆም ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፤ የሚረጨው ናፍጣ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም። ያልተቃጠለው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥበዋል፣ በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት ቀለበቶች) በኩልም ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳልና ያቀጥነዋል። ከፊሉ በኢንጄክተሩ ጫፍና በጭስ ቫልቮች ላይ ጥላሸት ሆኖ ይጋገራል። ሌላም አለ። ሲሊንደር ሲታደስ ግድግዳው ላይ ሆነ ተብሎ የሚወጡ ጥቃቅን የተጠላለፉ ጭረቶች አሉ፤ ዘይት የሚይዙት እነሱ ናቸው። ፋሻዎቹን ወደ ግድግዳው የሚያጣብቀው የቃጠሎው ግፊት ነው። በዝቅተኛ ጭነት ግፊቱ ስለሚያንስ ፋሻው በደንብ አይጣበቅም፤ ጭረቶቹ በተቃጠለ ዘይት ይሞሉና ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ ፋሻው ቢቀየርም ዘይት መብላቱ አይቆምም፤ ግድግዳው እንደገና መጫር አለበት። አዲስ የታደሰ ሞተር ዓመት ሳይሞላው ዘይት የሚበላው በዚህ መንገድ ነው፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹን 50 ሰዓታት በሚኒሞ ካሳለፋቸው።

«ካጠፋሁት ባትሪው አያስነሣልኝም» የሚል መልስ እሰማለሁ። እንግዲያው የሚጠገነው ባትሪው ነው። ደካማ ባትሪን ለመሸፈን ሞተርን ቀኑን ሙሉ ማንደቅደቅ ከአዲስ ባትሪ ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ኪሳራ ነው።

12. በቀን አንድ ጊዜ ሞተሩን በሙሉ ሙቀት ሥራ አሠሩት። ከከፍተኛ አቅሙ ከ70 እስከ 80 በመቶ በሚሆን ጭነት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። ይህ ሙቀት የተጠራቀመውን ጥላሸት ያቃጥላል፣ ወደ ዘይቱ የገባውንም እርጥበት ያተነዋል። የዘጌ ጉዞ ካላችሁ ችግሩ በዚያው ይቃለላል። ቀኑን ሁሉ አጭር መንገድ ስትመላለሱ ከዋላችሁ ማታ ከመግባታችሁ በፊት ወደ ሰፊው ውሃ ወጣ ብላችሁ ተመለሱ። ነጻ ማርሽ ላይ ጋዝ መስጠት ይህን አይተካም፤ ዙሩ ቢጨምርም ጭነት የለምና ሲሊንደሩ አይግልም።

ጉልበት አነሰኝ ብላችሁ የፖምፓውን የናፍጣ መጠን ቡሎን አታዙሩ። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው፤ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባው መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚያው ልክ የሚያገኘው አየር ይቀንሳል። ናፍጣ ቢጨመርለት የሚያቃጥልበት አየር ስለሌለው ጥቁር ጭስ ይሆናል እንጂ ጉልበት አይሆንም፤ ፒስተኑንም ያግላል። ለቆላ ወይም ለባሕር ዳርቻ ተስተካክሎ የመጣ ፖምፓ እዚህ ሲገጠም ባለሙያ መጠኑን ቀንሶ እንዲያስተካክለው አድርጉ።

13. ሙቀቱ በድንገት ከጨመረ ወደ ነጻ ማርሽ አውጡና የጭስ ማውጫውን እዩ። ውሃ ካልወጣ አጥፉና መልሕቅ ጣሉ፤ ማጣሪያውን በደረጃ 5 መሠረት አጽዱ። ከፕሮፔለሩ ላይ እምቦጭ ከተጠመጠመ አጥፍታችሁ፣ ቁልፉን ይዛችሁ፣ በማጭድ ቁረጡ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ የሐይቅ ውሃ አታፍስሱ፣ ወደ ኩላንቱም አትጨምሩ፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል። እጃችሁን ለአፍታ እስክታሳርፉበት ድረስ ይብረድ።

ማታ

14. ከማጥፋታችሁ በፊት ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በሚኒሞ አብርዱት። ተርቦ ላለው ሞተር ግዴታ ነው፤ የጋለው ተርቦ ዘይቱ በድንገት ከተቋረጠበት በውስጡ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ወደ ከሰልነት ይለወጣል።

15. ሰርባቶዮውን ማታ ሙሉ፤ ጠዋት አይደለም። በታኅሣሥና በጥር ባሕር ዳር ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል። በጎደለው ሰርባቶዮ ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ በግድግዳው ላይ ወደ ጠብታ ይለወጥና ናፍጣው ውስጥ ይወርዳል። ሙሉ ከሆነ አየሩ ስለሌለ ጠብታውም የለም። ከበርሜል ወይም ከጀሪካን የምትቀዱ ከሆነ ናፍጣው አንድ ሌሊት ይረፍ፤ የታችኛውን አራት ጣት ያህል ተዉት። በነጠላ ወይም በሻሽ አታጥሉ፤ ክሩ እየተበተነ ፊልትሮ ይዘጋል። የሽቦ ወንፊት ተጠቀሙ።

16. የሐይቅ ውሃውን ቫልቭ ዝጉ፣ የባትሪውን ዋና ማጥፊያ አጥፉ፣ የፕሮፔለሩን ዘንግ ማጠንከሪያ በእጃችሁ ዳስሱ። በገመድ የሚጠብቀው ዓይነት ሲዞር በደቂቃ ሁለት ሦስት ጠብታ ማንጠባጠቡ ጤና ነው፤ ውሃው ያቀዘቅዘዋል። ምንም ካላንጠባጠበና ከጋለ በጣም ጠብቋል፣ ዘንጉን ይበላዋል። ከዚያ በደብተሩ የሞተሩን ሰዓት፣ የተጨመረውን ዘይት፣ የሙቀቱን ከፍተኛ ቁጥር ጻፉ። ዘይት በየሳምንቱ እየጨመረ የሚበላ ከሆነ የሚታወቀው በደብተር እንጂ በትዝታ አይደለም።

በሰዓት የሚሠሩ ሥራዎች

ዘይትና የዘይት ፊልትሮ፦ የአምራቹ መጽሐፍ 250 ሰዓት ቢልም ወደብ ለሚውል ጀልባ በ150 ሰዓት ቀይሩ፤ ከላይ እንዳልኩት ዘይቱ በናፍጣ ይቀጥናልና። ሞተሩ ሞቆ ሳለ አፍስሱ፣ ቆሻሻው አብሮ እንዲወጣ። የናፍጣ ፊልትሮ በሁለት የዘይት ቅያሪ አንድ ጊዜ፤ ቆሻሻ ናፍጣ ከገጠማችሁ ወዲያው። የሐይቅ ውሃ ፓምፑን የጎማ ክንፍ ክረምቱ እንደወጣ መስከረም ላይ አውጥታችሁ እዩ፤ ጫፉ ተበልቶ ወይም ሥሩ ተሰንጥቆ ከሆነ ቀይሩ። የተቆረጠ ክንፍ ካገኛችሁ ቁራጩን ፈልጋችሁ ሳታገኙ አትግጠሙ፤ የተቀረቀረው ማቀዝቀዣው መግቢያ ላይ ነው።

ጭሱን እንዴት እናንብበው

ነጭ ጭስ በቀዝቃዛ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ ምንም አይደለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከቀጠለና ዓይን የሚያቃጥል የናፍጣ ሽታ ካለው ኢንጄክተር ወይም የግፊት ማነስ ነው፤ ሽታ ከሌለውና ኩላንቱ እየጎደለ ከሆነ ውሃ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው፤ ደረጃ 11ንና 12ን ለሁለት ሳምንት በጥብቅ ተከተሉ፣ ገና ጅማሬው ከሆነ ሊሻለው ይችላል፤ ካልቀነሰ ለባለሙያ አሳዩት። ጥቁር ጭስ አየር አነሰ ወይም ናፍጣ በዛ ማለት ነው፤ በመጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን፣ ቀጥሎ ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ ነገር መኖሩን እዩ፤ ኢንጄክተሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- ቤንዚን የነከረ ጨርቅ በአየር መግቢያው ላይ አድርጎ ማስነሣት። ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ስለሚፈነዳ ፋሻና ፒስተን ይሰብራል፤ ማሞቂያ ባለው ሞተር ላይ ደግሞ እሳቱ ወደ ሰው ይመለሳል።
- ሞተሩ ይግላል ብሎ ቴርሞስታት ማውጣት። ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚሠራ ደረጃ 11 ላይ የተባለው ጉዳት ሁሉ ይፋጠናል። ችግሩ ማጣሪያው፣ ክንፉ ወይም ክዳኑ ነው።
- አዲስ የናፍጣ ፊልትሮ ከመግጠም በፊት ካልተጣራ ጀሪካን መሙላት። ያ ናፍጣ በቀጥታ ወደ ፖምፓው ይሄዳል። ባዶውን ገጥማችሁ በእጅ መምቻው ሙሉት።
- የዘይት ምልክቱን አሳልፎ መሙላት። ክራንኩ (ከሞተሩ ሥር የሚዞረው ዋና ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም።
- የዘይት መብራት በርቶ ሳለ «ማረፊያው ቅርብ ነው» ብሎ መቀጠል። በዚያች አጭር መንገድ ክራንኩ ይጣበቃል። አጥፉ፣ መልሕቅ ጣሉ፣ ሌላ ጀልባ ጥሩና ተጎትታችሁ ግቡ።